ሥልጣኑን ልልቀቅ ወይስ ቤቴን ልበድል? (ጥያቄና መልስ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥያቄ፦ በአንድ ወረዳ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነኝ። በተክሊል ከተጋባን 16 ዓመት ሆኖናል፤ ሦስት ልጆች አሉን። ማታ ስገባ ልጆቹ ተኝተዋል፤ እሑድም ስብሰባ አይጠፋም። ባለቤቴ «ቤቱ ማደሪያህ ብቻ ሆነ» ትለኛለች። የ14 ዓመት ልጄ ሰንበት ትምህርት ቤት መሄድ ትቷል፤ ብቆጣውም አይሰማኝም። ሕዝብን ማገልገልም የእግዚአብሔር ሥራ ነው እያልኩ እጽናናለሁ። ስሾም ደግሞ ምያለሁ። ብለቅ መሐላ ማፍረስ ይሆንብኛል? ባልለቅስ በቤቴ እጠየቃለሁ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሕዝብን ማገልገል የእግዚአብሔር ሥራ ነው ያሉት እውነት ነው። ዮሴፍ በግብፅ፣ ዳንኤል በባቢሎን ተሹመው ሳለ እግዚአብሔርን ደስ አሰኝተዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ሹመኛውን የእግዚአብሔር አገልጋይ ይለዋል (ሮሜ 13፥4)። ይኸው ሐዋርያ ግን ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን የካደ፣ ከማያምንም ሰው የሚከፋ መሆኑን ጽፏል (1ጢሞ 5፥8)። ሁለቱም ቃል እርስዎን ይመለከታል። ስለዚህ ከመልቀቅዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ፦ በቢሮዎ ምክትል አለዎት፤ ቢታመሙ ሌላ ሰው ይፈርማል። በባልነትዎና በአባትነትዎ ግን የሚወክልዎት የለም።

ዘጸአት 18ን ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የሙሴ አማት ዮቶር ወደ ምድረ በዳ የሄደው ብቻውን አልነበረም። ሙሴ ወደ አባቷ ቤት መልሷት የነበረችውን ሚስቱን ሲፓራንና ሁለቱን ልጆች፣ ጌርሳምንና አልዓዛርን፣ ይዞለት ነው። ሙሴ ወጥቶ አማቱን ተቀበለ፤ ሰገደለት፣ ሳመው፣ ደኅንነቱን ጠየቀ። በማግሥቱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ለፍርድ ተቀመጠ፤ ሚስቱና ልጆቹ ገና ትናንት መግባታቸው ነው። ዮቶር ይህን አይቶ «የምታደርገው መልካም አይደለም፤ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ» አለው። ሹመቱን ተው ግን አላለውም። የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆች ሹም፤ ታላቁ ነገር ወደ አንተ ይምጣ፣ ታናሹን እነርሱ ይፍረዱ አለው። የሚሾሙትም እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑ፣ የግፍ ረብ የሚጠሉ እንዲሆኑ ነገረው። «የታመኑ» የምትለዋን ልብ ይበሉ፤ ሥራ ማካፈል የሚያቅተው ኃላፊ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የሚያምነውን ሰው ትቶ የሚወደውን ያስቀመጠ ነው።

እንግዲህ ለሁለት ሳምንት ትንሽ ደብተር ይያዙ። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላና በእሑድ የሚያሳልፉትን ሁሉ ከነሰዓቱ ይጻፉ፤ በየመስመሩ ጫፍ «የእኔ»፣ «የምክትል»፣ «የማንም» ብለው ምልክት ያድርጉ። «የእኔ» ያለ እርስዎ ፊርማና ውሳኔ የማይሄደው ነው። «የማንም» የሚባለው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ምግብ ቤት ውስጥ የሚቀጥለው ወሬ፣ አለቃ ሳይነሣ መነሣት ነውር መስሎ የሚቀመጡበት ሰዓት፣ ጉዳይ ያለው ባለሀብት የሚጠራዎት ግብዣ ነው። ሰው «ሥራ በዛብኝ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሦስተኛውን ከሥራው ጋር ደምሮ ነው። ለቅሶን ግን እዚህ ውስጥ አያግቡት፤ ለቅሶ መድረስ ክርስቲያናዊ ግዴታ ነው። ብቻ ለሁሉም ለቅሶ ሰልስት ድረስ መመላለስ አይጠበቅብዎትም። አንድ ቀን ከባለቤትዎ ጋር ሄዶ አጽናንቶ መመለስ ይበቃል።

«የምክትል» ያሉትን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ይወክሉ፤ የትኛውን ጉዳይ፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚፈርም ተለይቶ ይጻፍ። በቃል የተወከለ ምክትል ስለሚፈራ ማታ ማታ ስልክ ይደውላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ምክትልዎ የወሰነውን በባለጉዳይ ፊት መሻር ነው። አንድ ጊዜ ካደረጉት በኋላ ትንሹንም ትልቁንም ወደ እርስዎ ይገፋዋል፤ ማታዎም ይሄዳል። ስሕተት ቢያገኙ ለብቻው ጠርተው ያርሙት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። «ለቤተሰቤ ጊዜ ልስጥ» ብሎ በ10 ሰዓት ቢሮ መዝጋት መፍትሔ አይደለም። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከተማ ያደረ ገበሬ «ነገ ተመለስ» ሲባል የሌላ ሰው ቤት ነው የሚጎዳው፤ የእርሱም ልጆች አባታቸውን እየጠበቁ ነው። ጠዋት በሰዓቱ ገብተው ባለጉዳይን በቀኑ የሚሸኙ ከሆነ፣ በ11 ሰዓት ተኩል ሲወጡ ሕሊናዎ አይወቅስዎትም።

ከዚያ በሳምንት ሁለት ማታ ይምረጡ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ይሁን እንበል። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት የቤት ነው። አምስቱንም ማታ ቃል አይግቡ። አምስት ቃል ገብቶ ሁለት የሚመጣ አባት በልጆቹ ዘንድ ሦስት ጊዜ ዋሽቷል፤ ሁለት ቃል ገብቶ ሁለት የሚመጣ ግን ይታመናል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው አያስቀምጡት፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ዓይንዎ ወደዚያ ሲሄድ ልጆቹ ያያሉ። በሌላ ክፍል ይዋል። የሰው ሕይወት ያለበት፣ እሳት ወይም ጎርፍ የመሰለ ነገር ከመጣ ምክትልዎ በባለቤትዎ ስልክ ይደውል፤ ሌላው እስከ ነገ ይደር። ከራት በፊት አባታችን ሆይ ተብሎ፣ ከውዳሴ ማርያም የዕለቱ ይነበብ። በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ አይረዝምም። አንባቢው በየተራ ልጆቹ ይሁኑ። እርስዎ ባይደርሱ እናታቸው ትጀምር፤ ጸሎቱ የአባት መምጫ የሚጠበቅበት ከሆነ ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ ኋላም ይቀራል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የክርስቲያንን ቤት ታናሽ ቤተ ክርስቲያን የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

የእሑዱን ስብሰባ በተመለከተ፣ በብዙ አጥቢያ የእሑድ ቅዳሴ 3 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ስብሰባውን የሚጠሩት እርስዎ ከሆኑ ወደ 4 ሰዓት ያድርጉት። የሚጠራው የበላይዎ ከሆነ በዋዜማው ሳይሆን ቀደም ብለው በአክብሮት ይጠይቁ፤ ከተሰብሳቢው መካከል ቅዳሴ የሚቀርበት እርስዎ ብቻ አይደሉምና ጥያቄው ለሌሎችም ይጠቅማል።

አንዳንድ ወቅት ግን መጨናነቁ አይቀርም። ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ማታ መቀመጥ ግድ ይሆናል። ለዚህ ቅዱስ ጳውሎስ ለባልና ሚስት የሰጠው ሥርዓት አለ (1ቆሮ 7፥5)። ለጸሎት እንኳ ለመለያየት ተስማምተው፣ ለጊዜው ብቻ፣ ከዚያም ተመልሰው አብረው እንዲሆኑ ያዛል። ለጸሎት ስምምነት ካስፈለገ ለስብሰባማ እንዴት አያስፈልግ! በግንቦት መጨረሻ ለባለቤትዎ «ሰኔን ታገሺኝ፤ ከሐምሌ 1 በኋላ የዓመት ፈቃድ እወስዳለሁ» ይበሉና የፈቃዱን ማመልከቻ በዚያው ሳምንት ያስገቡ። ማመልከቻ ያልተከተለው ቃል በሐምሌ ይረሳል። መስክም ሲወጡ ራስዎን ይመርምሩ፤ የሚሄዱት ሥራው ፈልጎዎት ነው ወይስ ቤቱ አበሉን ስለለመደ? አበሉን ስለለመደ ከሆነ ከባለቤትዎ ጋር ወጪውን ቁጭ ብላችሁ ቀንሱ።

ለቤትዎ ያጎደሉትን ጊዜ በሥልጣንዎ ለመካስ ግን አይሞክሩ። ሳሙኤል በየዓመቱ ቤቴልን፣ ጌልገላንና ምጽጳን እየዞረ ይፈርድ ነበር። ሲያረጅ ልጆቹን በቤርሳቤህ ፈራጆች አድርጎ ሾመ፤ እነርሱም ጉቦ ተቀበሉ፣ ፍርድንም አጣመሙ (1ሳሙ 8፥1-3)። የመንግሥት መኪና ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረሻ፣ የወንድም ልጅ ማስቀጠሪያ ደብዳቤ፣ በፋሲካ ዋዜማ «ለልጆቹ ነው» ተብሎ ደጃፍ ላይ የሚታሰር በግ ሁሉ ከዚሁ ይቆጠራል። በጉ ዕለቱን ይመለስ። ይህንንም በዓሉ ሳይደርስ ለባለቤትዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ እርስዎ በሌሉበት በሩን የምትከፍተው እርሷ ናት፤ ሳታውቅ ተቀብላ እንዳታፍር። ከቢሮ ምስጢርም የሰው ፋይል አይንገሯት፤ ድካምዎንና ጭንቀትዎን ግን አይደብቋት።

ልጅዎን በተመለከተ፣ ካህኑ ዔሊ ልጆቹን ተናግሯቸዋል፤ የተናገራቸው ግን በስተርጅናው ነው፣ በተግባርም አልከለከላቸውም (1ሳሙ 2፥22-25፤ 3፥13)። ዳዊት ደግሞ አዶንያስን አንድ ቀን እንኳ «ለምን እንዲህ ታደርጋለህ?» ብሎ አልተቆጣውም (1ነገ 1፥6)። እርስዎ መቆጣቱ አለ፤ የጎደለው አብሮ መዋሉ ነው። ለሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት ስለ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አያንሡበት። በመጀመሪያው ማታ ለብቻው ጠርተው «እኔ ከቤት ጠፍቼ ነበር፤ ይቅር በለኝ» ይበሉት። ስጦታ አያስከትሉበት፤ ይቅርታው የተገዛ ይመስለዋል። ከዚያ በየእሑዱ እርስዎ ራስዎ ተነሥተው ቅዳሴ ይሂዱ፤ በር ላይ ሆነው «እንሂድ?» ይበሉት እንጂ አይጎትቱት። ለምን እንደተወ እየቆየ ራሱ ይነግርዎታል፤ ምክንያቱ እርስዎ ያላሰቡት፣ ምናልባትም ከጓደኛ ጋር የተፈጠረ ነገር ሊሆን ይችላል።

ስለ መሐላው፦ የማሉበትን ቃል ከነጽሑፉ ይዘው ከባለቤትዎ ጋር ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። መሐላው በሥልጣን ላይ ሳሉ በታማኝነት ለማገልገል ከሆነ ዕድሜ ልክ ለመሾም አልማሉም፤ በሥርዓት መልቀቅ አያፈርሰውም። ከላይ ያልነውን ለሦስት ወር ይሞክሩ። በሥራ ብስጭት ቀን ወይም ከባለቤትዎ ጋር በተጋጩበት ማታ አይወስኑ። ሦስት ወር ሞክረው ቤቱ መፍረሱን ከቀጠለ፣ ወይም ሹመቱ የሐሰት ሪፖርት እንዲፈርሙ ከጠየቀዎት ይልቀቁ፤ በሁለተኛው ምክንያት ከሆነ ሦስት ወሩንም አይጠብቁ። መሐላ የሚያፈርሰው ጥሎ መሄድ ነው። ማኅተሙን፣ የተጀመሩ ፋይሎችን፣ ያልተወራረደ ሂሳብ ካለ ከነደረሰኙ በርክክብ ሰነድ አስፈርመው ያስረክቡ፤ አንዱን ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ። ደጅ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ካለም ጉዳዩ የት እንደደረሰ ለተተኪው ጽፈው ይተዉለት።