ለኮሎምበሱ ጠያቂ፦ ከድሬ ሳትወጣ ትራንስክሪፕትህን ጨርስ

ሰላም ወንድሜ። «ሶሲዮሎጂ ተመርቄ ድሬዳዋ ነው ያለሁት፣ ቪዛዬ ወጥቷል፣ ከሁለት ወር በኋላ ኦሃዮ ኮሎምበስ እገባለሁ፤ እዚያ ሶሻል ወርክ አሲስታንት ሆኜ ለመመዝገብ ምን ያስፈልገኛል?» ብለህ የጻፍከውን ያየሁት ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ ነው። ከሥሩ «አትልፋ፣ ዌርሃውስ ግባ» እያሉ የመከሩህን ሳይ ደሜ ፈላ። እኔ የድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር ልጅ ነኝ፣ ሶሲዮሎጂ ነው የተማርኩት፣ የምኖረውም ኮሎምበስ ነው። ዌርሃውሱንም፣ የመጋዘን ሥራውን፣ ሁለት ዓመት ከግማሽ ገፍቼዋለሁ፣ ወገቤ ምስክር ነው። ዛሬ የተመዘገብኩ አሲስታንት፣ ማለትም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ረዳት ነኝ። አቦ፣ ጥያቄህ የእኔው ታሪክ ስለሆነ ይረዝማል፤ ሻይህን ይዘህ አንብበው።

1. ማዕረጉን አውቀህ ሂድ። በኦሃዮ ይህን የሚመዘግበው የአማካሪዎች፣ የሶሻል ወርከሮችና የጋብቻና ቤተሰብ ቴራፒስቶች ቦርድ የሚባል የስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው። ኤል ኤስ ደብሊው የሚሉት ፈቃድ ያለው ሶሻል ወርከር ለመሆን ዲግሪው ራሱ የሶሻል ወርክ መሆን አለበት፣ ፈተናም ትቀመጣለህ። የእኔና የአንተ ሶሲዮሎጂ እዚያ በር አያደርስም። ለአሲስታንት ግን ሶሻል ሰርቪስ ቴክኖሎጂ የሚባል የሁለት ዓመት ዲግሪ፣ ወይም ቦርዱ የሚቀበለው ተዛማጅ የመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃል፤ ያ ብሔራዊ ፈተናም የለበትም። ለብቻህ አትሠራም፣ ሁልጊዜ ከበላይህ ፈቃድ ያለው ሰው አለ። ሳይኮቴራፒ የሚባለው የሥነ ልቦና ሕክምናም ያንተ ሥራ አይደለም። ሌላ ስቴት ያለ ዘመድህ «እኛ ጋ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ቢልህ አልዋሸህም፤ አብዛኞቹ ስቴቶች ይህ ደረጃ የላቸውም። «ረዳት» መባሉ የሚያሳፍራቸው ሀበሾች አይቻለሁ። ካርቶን ላይ ቴፕ ከመለጠፍ ማን ይበልጣል?

2. ትራንስክሪፕት፣ የየኮርሱ ውጤትህ የሰፈረበት ወረቀት። ሌላውን ሁሉ ዘለህ ይህችን ብቻ ብታነብ አልቀየምህም።

ከድሬ ስወጣ ሻንጣዬ በርበሬ፣ ሽሮና ለአክስቴ የተላከ ቆሎ ነበር። ከትምህርቴ የያዝኩት ቴምፖዋን፣ ጊዜያዊ የዲግሪ ወረቀቷን፣ እና ለተማሪ የሚሰጠውን ስቱደንት ኮፒ ብቻ። «ኦሪጂናሉን በኋላ ወንድሜ ያወጣልኛል» አልኩ። ይህች «በኋላ» ናት ያቃጠለችኝ።

የውጭ ትምህርት ሲሆን ሰነዱ መጀመሪያ በገምጋሚ ድርጅት ኮርስ በኮርስ መታየት አለበት። ገምጋሚው ደግሞ ስቱደንት ኮፒ አያይም። ትራንስክሪፕቱን ዩኒቨርሲቲው ራሱ በፖስታ አሽጎ፣ መክደኛው ላይ ማህተም አሳርፎ ነው የሚፈልገው። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ ኮስት ሼሪንግ፣ የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳህ፣ ሳይዘጋ ንክች አያደርጋትም። የኮስት ሼሪንጉን ነገር አንተም ታውቀዋለህ፤ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ግቢ የገባን ሁሉ የፈረምንባት ውል ናት። የምግብና የመኝታው ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ። ሥራ ስትይዝ ከደመወዝህ በየወሩ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል።

እኔ ደግሞ ሲቆረጥብኝ ነበር! የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. እዚያው ድሬ ለገሃር አካባቢ ከጎዳና ልጆች ጋር በሚሠራ አንድ ድርጅት ሠርቻለሁ። በየወሩ ፔይሮሉ ላይ ስፈርም የኮስት ሼሪንጓን መስመር አያታለሁ። ተከፍሎ አልቋል ብዬ ነው የሄድኩት። ለካስ ድርጅቱ በስሜ ያስገባው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት ነው፤ የቀረው «በሌላ ፋይል» ገብቷል ተባለ። ሌላው ፋይል የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ደረሰኝ አልያዝኩም። አንተ ግን ዛሬውኑ ሂድና የተቆረጠብህን ከነደረሰኝ ቁጥሩ በደብዳቤ አጽፈህ፣ አስፈርመህ፣ ማህተም አስመትተህ ውሰድ። «ችግር የለም፣ ሲስተም ላይ አለ» ቢሉህ እንዳታምናቸው።

ኮሎምበስ ሆኜ ሬጅስትራሩን፣ የዩኒቨርሲቲውን የተማሪ መዝገብ ቢሮ፣ ስልክ በስልክ አደረግኩት። እነሱ ጠዋት 2፡30 ቢሮ ሲከፍቱ በአሜሪካ የብርድ ወራት ለእኔ ከሌሊቱ 6፡30 ነው። ከሁለተኛ ሺፍት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ እደውላለሁ። አንድ ሰውዬ ነው የሚያነሳው፤ ድምፁን እስከ ዛሬ በሕልሜ እሰማዋለሁ። «ሲስተም የለም።» «ኃላፊዋ ስብሰባ ናት።» «ነገ ደውዪ።» አንድ ቀን ታዲያ፣ «ለእኔ እኮ ሌሊት ነው፣ እባክህን» ብዬ ለመንኩት። «እና እኔ ነኝ እንዴ ያመሸሁብሽ? ውጭ ተቀምጠሽ፣ ዶላር እየቆጠርሽ እኛን ምን ትነዘንዢናለሽ» ብሎ ዘጋብኝ። ያን ቀን ያነሳሁት ሣጥን ስንት እንደሆነ ቢያውቅ!

«ባለቤቷ ካልመጣች በውክልና» አሉ። ውክልናውን ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲያችን በኩል ጨረስኩ። አዲስ አበባ ደርሶ ውጭ ጉዳይ አረጋገጠው፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ተመዘገበ። ወንድሜ ከድሬ ሥራውን ትቶ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። የቀረውን ኮስት ሼሪንግ እንደ አዲስ ከፈልኩ፤ አዎ፣ አንዴ የተቆረጠብኝን ደግሜ ነው የከፈልኩት። በስንት መከራ ትራንስክሪፕቷ ወጣች። «ወደ ውጭ እኛ አንልክም፣ ፖስታ ቤት መሰልንህ?» ብለው ታሽጋ፣ ማህተሟ አርፎባት ለወንድሜ በእጁ ሰጡት። ገምጋሚው ድርጅት ማህተሟ ካልተነካ እቀበላለሁ ብሎኝ ስለነበር እልል አልኩ።

ወንድሜ ፖስታዋን ይዞ ድሬ ገባና ብፌው ላይ አስቀምጧት ተኛ። ጠዋት እናቴ ቡና አፈላች። ጎረቤቶች መጡ። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ግን «የልጄ ውጤት» መሆኗን ሰምታለች። በሽንኩርት ቢላዋ ከፈተቻት! ልትደብቅ እንኳ አልሞከረችም። ወረቀቷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፤ የጎረቤታችን ልጅ «ይኸው ኤ፣ ይኸው ሌላ ኤ» እያለ አነበበላቸው። ሲዎቹን ዘሏቸዋል መሰለኝ። እማዬ ደውላ «ልጄ፣ እንዲህ ጎበዝ ነበርሽ እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም?» ስትለኝ ወሬው ገብቶኛል፤ እግሬ ከዳኝ። ምን እላታለሁ? «አዎ እማዬ» አልኳት፣ ስልኩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ወንድሜ ፖስታዋን በማስቲሽ ልለጥፋት ወይ አለኝ፤ እንዳታደርገው! አንተም እንዳታስበው፤ በሐሰተኛ ሰነድ ከተጠረጠርክ ያ በር ዳግመኛ አይከፈትልህም።

ሬጅስትራሩ ለሁለተኛ ቅጂ «ባለቤቷ ትምጣ» አለ፤ የውክልናው ቃል «አንድ ትራንስክሪፕት» ይል ነበርና። ውክልና ስትሰጥ «እንደ አስፈላጊነቱ በተደጋጋሚ» የምትል ቃል አስገባ። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ ያስከፈለኝ የ1,300 ዶላር ትኬት ነው።

መጣሁ። ግንቦት ነበር። የድሬን ግንቦት ለአንተ አልነግርህም። መጀመሪያ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ፣ የጠፋውን ፋይል ፍለጋ። ፋይናንሷ ቀና ብላም አላየችኝ፤ ከቀትር በኋላ ስመለስ ደግሞ እሷም የለች፣ ቢሮውም ዝግ፤ ምርቃና ላይ ያለ ከተማ ውስጥ ማንን ትጠይቃለህ? ያዳኑኝ የግቢው ዘበኛ ናቸው። «ልጄ፣ የ2007ቱ ሣጥን እኮ ከጄኔሬተሩ ጀርባ ነው» ብለው በባትሪ አሳዩኝ። አቧራ ውስጥ ተቀምጬ ደረሰኞቼን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ደግሜ የከፈልኩት ብር እስካሁን አልተመለሰልኝም፣ አመልክቻለሁ። ብቻ አልዋሸሁም ነበር፤ ይህን በወረቀት አይቼ አርፌያለሁ።

ከዚያ ሬጅስትራሩ ዘንድ። መስኮቱ ላይ ስሜን ስናገር ያ ድምፅ «ውይ! የሌሊቷ ልጅ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለኝ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰውዬ ነው። ልሰድበው ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። በአንድ ቀን ተኩል ጨረሰልኝ፤ የኩሪየሩን፣ የፈጣን መልእክት ድርጅቱን፣ ልጅ ራሴ ይዤው መጥቼ ስለነበር ፖስታዋ ከእነሱ እጅ ቀጥታ ወደ እሱ ገባች፤ እኔ አልነካኋት፣ እማዬም አላየቻት። ከድሬ ተነስቼ ድሬ እስክመለስ ጉዳዩ በሙሉ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ስሄድ ሳልጨርሰው የሄድኩት ጉዳይ፣ የዘጠኝ ቀን ነገር፣ ሦስት ዓመት በላኝ። ቪዛህ እጅህ ላይ ሆኖ ሁለት ወር አለኝ ስትል ለዚህ ነው የጮህኩብህ።

3. ስም። የአባቴ ስም በላቲን ዲግሪዬ ላይ በአንድ ቲ፣ ፓስፖርቴ ላይ በሁለት ቲ ነው። ዛሬውኑ ፓስፖርትህንና ቴምፖህን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ፊደል በፊደል አስተያይ። ልዩነት ካለ እዚያው ግቢህ ውስጥ አስተካክል፤ ከዚህ ሆነህ አንዲት ቲ ማስወጣት ጥርስ ከማስነቀል አይተናነስም።

4. የሥራ ልምድ ደብዳቤ። ለምዝገባው ሳይሆን ለሥራ ፍለጋው ነው። የእኔን በእንግሊዝኛ ሲጽፉልኝ ወሩን ተርጉመው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ተዉት። ቃለ መጠይቅ ላይ ሴትዮዋ ወረቀቴን አየት አደረገችና «ዲግሪሽን ያገኘሽው በ2013፣ ሥራ የጀመርሽው በ2006፤ በአሥራ አምስት ዓመትሽ ነው?» አለችኝ። ስለ አሥራ ሦስተኛው ወር ሳስረዳ ቃለ መጠይቁ አለቀ። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስጽፍ።

5. አሻራ፣ ለወንጀል መዝገብ ማጣሪያ። ይኸኛውን እዚህ ስትመጣ ነው። ቦርዱ የስቴቱን ቢሲአይንም የፌዴራሉን ኤፍቢአይንም ሁለቱን ይጠይቃል። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ አንስቼ መጣሁ፣ እንደገና ሄጄ እንደገና ከፈልኩ። ዌብቼክ ከሚባለው የአሻራ መስጫ ቦታ ስትነሳ «ሁለቱንም፣ ውጤቱም ቀጥታ ለቦርዱ ይላክ» በል፤ በእጅህ ይዘህ የምትሄደው ወረቀት ዋጋ የለውም። እዚህም ማህተምና ፖስታ አምላኪ ሀገር ነው፣ እኛን ብቻ አንማ። ማመልከቻው ራሱ በኦንላይን ነው፣ ኢላይሰንስ በሚሉት ገጽ፤ እሱ ቀላሉ ነው።

ለዌርሃውስ መካሪዎችህም አንድ ነገር ልበል። ድሬ ያደገ ልጅ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ሰፈር ውስጥ ነው የሚማረው፣ ሰርተፍኬት አይሰጠውም። ኮሎምበስ ደግሞ በሶማሌዎች ብዛት ከሚኒያፖሊስ ቀጥሎ የምትጠራ ከተማ ናት፤ ኦሮሞውም አማራውም ሞልቷል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት ለማንም መልስ አልሰጥ አሉ፤ አስተርጓሚ በስልክ ቢመጣም ዝም። እኔ በድሬው መጋላ ሰፈር ሶማሊኛዬ «እናቴ፣ ሻይ ጠጥተዋል?» አልኳቸው። ቀና ብለው አይተው «ከየት ነሽ?» አሉ። «ከድሬ» ስላቸው ሁለት እጄን ያዙኝ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ድሬው ደቻቱ አወሩልኝ፤ ስለ ጉዳያቸውም በመሃል በመሃል። ሱፐርቫይዘሬ ማስተርስ አላት፣ ግን ያን ቀን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀምጣ ማስታወሻ ስትይዝ ዋለች። ሲቪህ ላይ ቋንቋዎችህን ከታች አትቅበራቸው፣ ከስምህ ሥር ጻፋቸው።

ከተመዘገብክ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ታድሳለህ። 15 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል፣ ከዚያ ውስጥ 3ቱ የሙያ ሥነ ምግባር። የኮርስ ሰርተፍኬቶችህን ደግሞ እንደ ደረሰኞቼ ጄኔሬተር ጀርባ እንዳትጥላቸው።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ የደመወዝ ቅነሳ ደብዳቤህን አስጽፍ፣ ከዚያ የቀረህን ኮስት ሼሪንግ ክፈልና ክሊራንስህን፣ ዕዳ የለበትም የሚለውን ወረቀት፣ ያዝ፣ በዚያው ሳምንት ግቢህ ሂድ። ትራንስክሪፕት ሦስት ታሽገው እንዲሰጡህ ጠይቅ፤ አንዱ ለገምጋሚው በኩሪየር በቀጥታ ይላክ፣ ሁለቱን መንገድ ላይ ሳትከፍት ይዘህ ግባ። ሁለቱንም ሻንጣህ ሥር፣ ከልብስህ በታች አድርጋቸው። ብፌ ላይ እንዳታስቀምጣቸው።