አባቷ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ11 ዓመቷ ልጄ ዘንድሮ ሚድል ስኩል ትጀምራለች። አንድ የክርስቲያን ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍል ተቀብሏታል። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ ትምህርት ቤቱ የፕሮቴስታንት ነው። ሥርዓቱን ግን ወድጄዋለሁ። ከአባቷ ጋር ከተፋታን 2 ዓመት ሆነን፤ ልጄ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ውሉን እስከ ዓርብ ፈርሚ ተብያለሁ። ልጄን የፈለግሁት ቦታ ማስተማር መብቴ አይደለም ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወላጅ ልጁን በሃይማኖት ትምህርት ቤት ማስተማር ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን እ.ኤ.አ. በ1925 ወስኖታል። እዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ያሳሰበኝ ያልጻፉልኝ ነገር ነው። አባቷ ምን ይላል? የፍቺው ውሳኔስ ምን ይላል? ደብዳቤዎን ደግሜ አነበብኩት፤ ሁለቱም የሉም። «ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው» ማለት «እኔ ነኝ የምወስነው» ማለት አይደለም። ልጅቷ የት ትኑር የሚለው አንድ ጉዳይ ነው። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ሃይማኖቷና ስለ ሕክምናዋ ማን ይወስን የሚለው ሌላ ነው፤ ይሄኛው ሊጋል ከስተዲ ይባላል። ወረቀትዎ ላይ «ጆይንት ሊጋል ከስተዲ» (የጋራ ውሳኔ) የሚል ካለ ከአባቷ ጋር መመካከር ግድ ነው። ሳይስማሙ ሲቀሩ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ የሚጽፉ ውሳኔዎችም አሉ። ስለዚህ ወረቀቱን ያውጡና ይመልከቱ። ካልገባዎት ለጠበቃ ያሳዩ።

የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ትምህርትንም ሃይማኖትንም ይነካል። አባቷ «በ80 ቀኗ ክርስትና ያስነሳኋትን ልጅ ሳልጠየቅ» ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድ አይገርመኝም። ዳኛው የትኛው እምነት ይሻላል ብሎ አይፈርድም። የሚያየው ለልጅቷ የሚበጀውን ነው። ያኔ አባትን ሳያማክሩ መወሰንዎ በእርስዎ ላይ ሊቆጠር ይችላል።

አሁን ወደ ዓርቡ ውል ልምጣ። ሰዎች በተደጋጋሚ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። «ግፋ ቢል ዲፖዚቱን አጣለሁ» ብለው ይፈርማሉ። የግል ትምህርት ቤቶች ውል ግን ብዙ ጊዜ ይህን ይላል፦ ከተወሰነ ቀን በፊት በጽሑፍ ካልሰረዙ፣ ልጅዎ አንድ ቀን እንኳ ባትማር የዓመቱን ክፍያ ሙሉ ይከፍላሉ። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የደረሰ ነገር ልንገርዎ። አንድ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ውል ፈረመ። የመሰረዣው ቀን ሜይ 31 ነበር፤ እነሱ ያሳወቁት ጁላይ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ሜሪላንድ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2007 ትምህርት ቤቱ ረታ። ቦታውን በሌላ ተማሪ ለመሙላት የመሞከር ግዴታም የለበትም ተባለ።

ይህንን ከአባትየው ጉዳይ ጋር ያያይዙት። ዛሬ ፈረሙ እንበል። አባቷ በኦገስት ሮክቪል ፍርድ ቤት ሄደ፤ ዳኛው ልጅቷ በመንግሥት ትምህርት ቤት ትቆይ አለ። ትምህርት ቤቱ በፍቺያችሁ ውስጥ የለበትም። ውሉን የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ ሂሳቡም ወደ እርስዎ ይመጣል። ልጅቷ አልተማረችም፣ ገንዘቡ ግን ተከፍሏል። ደንበኞቼ ይህን ጊዜ ነው ወደ ቢሮዬ የሚመጡት፤ ያኔ የምረዳቸው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ዓርብ አይፈርሙ። ለትምህርት ቤቱ በኢሜይል ተጨማሪ ቀን ይጠይቁ። የአባቷ ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ካልተገኘ ውሉ ያለ ቅጣት ይፈርሳል የሚል መስመር እንዲጨመርም ይጠይቁ፤ እምቢ ሊሉ ይችላሉ፣ መጠየቅ ግን አይከለከልም። ሃንድቡኩን (የትምህርት ቤቱን የደንብ መጽሐፍ) እና ወላጅ የሚፈርምበት የእምነት መግለጫ ካለ እሱንም ይውሰዱ፤ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ እነሱንም ይጨምራል።

ለአባቷ በጽሑፍ ይንገሩት። በስልክ አይሁን፤ በልጅቷ በኩል ደግሞ በፍጹም አይሁን። እሺ ካለ መልሱን ያስቀምጡ። እምቢ ካለ የፍቺ ውሳኔውን፣ ያልተፈረመውን ውልና ኢሜይሎቹን ይዘው የቤተሰብ ሕግ ጠበቃ ጋ ይሂዱ። አቅም ከሌለዎት የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ነፃ የሕግ መረጃ ማዕከል አላቸው። በችሎትም የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይሰጣሉ፤ አስቀድመው ይጠይቁ። እኔ ውሳኔውንም ውሉንም አላየሁም፤ እነሱን ያየ ጠበቃ ከእኔ የተለየ ሊነግርዎት ይችላል።

ዩኒፎርሙንም ገና አይግዙላት።