ጥያቄና መልስ፦ በሰም የታሸ አሸዋ ላይ ሻምፒዮን ይለያል?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች ስለ ፈረስ መሮጫ መም ናቸው። ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። የፈረስ መሮጫው ሜይዳን በ2010 ሲከፈት ዋናው መም ሰው ሠራሽ፣ ማለትም በሰም የተያያዘ አሸዋ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተነቅሎ አፈር ተደረገ። ለፈረሶቹ ይሻላል ከተባለ ለምን ተነሣ?

መልስ፦ ዋናው ምክንያት የአሜሪካ ፈረሶች መራቃቸው ነው። የዱባይ የዓለም ዋንጫ በቀድሞው መሮጫ በናድ አል ሺባ አፈር ላይ ይካሄድ በነበረበት ጊዜ የ2008ቱን ከርሊን፣ የ2009ኙን ዌል አርምድ ወስደውታል፤ ሁለቱም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ታፔታ የተባለው ሰው ሠራሽ መም በነበረባቸው አምስት ውድድሮች ግን ያሸነፈው የአሜሪካ ፈረስ አኒማል ኪንግደም ብቻ ነው፣ በ2013። ሽልማቱ 10 ሚሊዮን ዶላር ቢደርስም ብዙዎቹ ባለቤቶች አፈር የለመደውን ፈረሳቸውን ያን ያህል አሻግረው በማያውቀው ወለል ላይ ማሰለፍ አልፈለጉም። በ2015 አፈሩ ሲመለስ ካሊፎርኒያ ክሮም መጥቶ ሁለተኛ ወጣ፤ በ2016 አሸነፈ፤ በ2017 ደግሞ አሮጌት ተከተለ።

አሜሪካውያን ለሰው ሠራሽ መም ያላቸው ጥላቻ ግን ከዚያ ይቀድማል። ብሪደርስ ካፕ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ የፈረስ ውድድር በ2008 እና በ2009 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለው ሳንታ አኒታ፣ ፕሮ-ራይድ በሚባል ሰው ሠራሽ መም ላይ ተካሄደ። ክላሲክ በሚባለው የ2008ቱ ዋና ውድድር ከአውሮፓ የመጡት የሣር ፈረሶች ሬቨንስ ፓስና ሄንሪዘናቪጌተር ተከታትለው ሲገቡ፣ የዓመት በፊቱ አሸናፊ ከርሊን አራተኛ ሆነ። በ2009 የሬቸል አሌክሳንድራ ባለቤት ጄስ ጃክሰን ባዝራዋን በዚህ መም ላይ አላሰልፍም በማለቱ ሌላዋ ዝነኛ ባዝራ ዜንያታና እሷ ሳይገናኙ ቀሩ። እስከ ዛሬ የሚያስቆጭ ነው።

ልዩነቱ ከኮቴው ይጀምራል። አፈር ላይ ኮቴው ሲያርፍ ወደ ፊት ይንሸራተትና ቆፍሮ ይነሣል። ከፊት ያለው ፈረስ የሚረጨው አፈርም ከኋላ ያሉትን ፊታቸውን ይመታቸዋል። ስለዚህ ገና ከመነሻው ቀድሞ የሚወጣ ፈረስ ይጠቀማል። በሰም የተያያዘው አሸዋ ግን ኮቴውን ቶሎ ያቆመዋል፣ የሚረጨውም ትንሽ ነው። ኃይሉን ቆጥቦ መጨረሻ ላይ የሚፈተለክ፣ ሣር የለመደ ፈረስ ይመቸዋል። መሙ የሚፈትነውን ችሎታ ይለውጣል የሚሉት ተቃዋሚዎች እዚህ ላይ እውነት አላቸው።

በዚያ ላይ የተለየ ሻምፒዮን ግን የውሸት ነው ማለት አይቻልም። ዜንያታ በ2009 ወንዶቹን አሸንፋ ክላሲክን የወሰደች የመጀመሪያዋ ባዝራ ሆነች። በቀጣዩ ዓመት በቸርችል ዳውንስ አፈር ላይ ብሌም በተባለ ፈረስ የተቀደመችው በአንድ ራስ ብቻ ነው፤ ከ20 ውድድሯ የተሸነፈችውም ያንኑ ነው። አኒማል ኪንግደምም ተርፍዌይ ፓርክ ሰው ሠራሽ መም ላይ አሸንፎ በአፈር የሚካሄደውን የ2011 ኬንታኪ ደርቢ ሲወስድ፣ አፈር ላይ ሲሮጥ የመጀመሪያው ነበር።

ጥያቄ፦ መሙ ከምን ይሠራል? በእርግጥ የሚሞቱትን ፈረሶች ይቀንሳል? ካሊፎርኒያስ ለምን ተወችው? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አብዛኛው ክፍል የታጠበ ደቃቅ የሲሊካ አሸዋ ነው። የሰው ሠራሽ ጨርቅ ክርና እንደ ዓይነቱ የተፈጨ ጎማ ይገባበታል፤ ሁሉም በሰም ይለወሳል። ፕሮ-ራይድ በሰም ፋንታ ሌላ ማጣበቂያ ይጠቀም ነበር። ይህ ድብልቅ እንደ ዓይነቱ ከ10 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት ውሃ በሚያሳልፍ አስፋልት ላይ ይነጠፋል፤ ከአስፋልቱ ሥር ጠጠርና ቱቦ አለ። የአፈር መም ውሃውን በተዳፋት ወደ ጎን ሲያፈስ፣ ይህኛው ቀጥታ ወደ ታች ያወርደዋል። ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ደምድሞ ማጠንከር፣ ሲያባራ ደግሞ መልሶ መክፈት ያስፈልጋል። ወለሉ በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚለዋወጠውም ለዚህ ነው፤ ለፈረሱ እግር አስጊው ነገር ይኸው መለዋወጥ ነው።

ስለ ሞቱ፣ የሰሜን አሜሪካ የፈረስ ጉዳት መዝገብ ከ2009 ጀምሮ ይቆጥራል። የሚቆጠረው በውድድር ተጎድቶ በ72 ሰዓት ውስጥ የሞተ ፈረስ ነው። በ2022 ከ1,000 ተወዳዳሪ በአፈር 1.44፣ በሣር 0.99፣ በሰው ሠራሽ መም 0.41 ሆነ። የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን አያስፈርድም፤ የልምምድ ሞትም እዚህ ውስጥ የለም። ይሁንና ሰው ሠራሹ ከአፈር ዝቅ ብሎ መገኘቱ በብዙ ዓመታት የተደጋገመ ነው። አሰልጣኞች በበኩላቸው የአጥንት ስብራት ቢቀንስም የኋላ እግርና የጅማት ሕመም በዝቷል ይላሉ። ቅሬታቸው ሊናቅ አይገባም፤ ግን የታመመ ጅማት ጊዜ ከተሰጠው ብዙ ጊዜ ይድናል፣ በሩጫ መሃል የተሰበረ የፊት እግር ግን በአብዛኛው ፈረሱን ያሳጣል። በእኛ ሚዛን ሁለቱ እኩል አይደሉም።

ካሊፎርኒያ የተሸነፈችው በአሠራሩ ነው። የግዛቲቱ የፈረስ ውድድር ቦርድ በ2006 ትልልቆቹ ሜዳዎች እስከ 2007 መጨረሻ መማቸውን ወደ ሰው ሠራሽ እንዲለውጡ አዘዘ፤ በጥድፊያ ተሠራ። የሳንታ አኒታው የመጀመሪያ መም በ2008 መጀመሪያ ዝናብ ውሃ አላሳልፍ ብሎ ብዙ የውድድር ቀናት ተሰረዙ። ደቃቅ ብናኝ ወደ ታች ወርዶ ቀዳዳውን ከደፈነ መሙ ኩሬ ይሆናል። ሌላው የካሊፎርኒያ መሮጫ ዴል ማር ላይ ደግሞ ጧት በቅዝቃዜ ፈጣን የነበረው መም ከሰዓት ሰሙ በፀሐይ ሲለሰልስ ከባድና ዘገምተኛ ሆነ፤ ጧት የተለማመደ ፈረስ ከሰዓት ሌላ ወለል ይገጥመው ነበር። ሳንታ አኒታ በ2010 መጨረሻ፣ ዴል ማር በ2015 ወደ አፈር ተመለሱ። በሻጮቹ አፍ «ጥገና አይፈልግም» ይባል የነበረውም ጎድቷል። መሙ በየውድድሩ መካከል መከስከስ፣ በየጊዜው በጥልቀት መገልበጥ፣ ፋንድያው ወዲያው መለቀም፣ ሰሙና ክሩም በጥቂት ዓመታት መተካት አለበት። ቶሮንቶ የሚገኘው ዉድባይን ከ2006 ጀምሮ በሰው ሠራሽ መም እየሠራ ነው፤ በ2016 አሮጌውን አንሥቶ ታፔታ አነጠፈ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ዳርቻ ለፈረስ ግልቢያ ትምህርት 20 በ40 ሜትር ሜዳ እያዘጋጀን ነው። አሮጌ ጎማ አስፈጭተን ከአሸዋ ጋር ብንቀላቅል፣ የተቃጠለ ዘይት ብንረጭበትስ?

መልስ፦ ዘይቱን ተዉት። ቆዳና ኮቴ ይጎዳል፣ ከዝናብ ጋር ወደ ጉድጓድ ውሃ ይወርዳል፣ የሰምንም ሥራ አይሠራም። ጎማው ውስጥ የሽቦ ስብርባሪ አለ፤ በማግኔት ተፈትሾ ካልጸዳ ኮቴ ይወጋል። ለትምህርት ሜዳ ጥሩ አሸዋ ብቻውን ይበቃል።

ገንዘባችሁን ከሥር አውሉት። መረሬ ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ተቆፍሮ ወጥቶ በሰሌክት (ተመርጦ በሚመጣ የመሙያ አፈር) ይተካ። በላዩ 15 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ደምድሙ፤ ወደ አንድ ጎን በየመቶው ሜትር አንድ ሜትር ያህል ይዘቅዝቅ። አሸዋና ጠጠር እንዳይቀላቀሉ መሃላቸው ውሃ አሳላፊ ጨርቅ ይነጠፍ። 10 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ለ800 ካሬ ሜትር 80 ሜትር ኪዩብ ነው፤ 16 ሜትር ኪዩብ በሚጭን ሲኖትራክ አምስት ጊዜ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትድፉት፤ በ6 ሴንቲ ሜትር ጀምሩና ፈረሶቹ ሲረግጡት እያያችሁ ጨምሩ፤ የበዛ አሸዋ ጅማት ያደክማል። ከመግዛታችሁ በፊት አሸዋውን በብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አሳድሩት። ጧት ላዩ ላይ ወፍራም የጭቃ ንጣፍ ካያችሁ ያ አሸዋ አይሆናችሁም።