ደን ከውቅያኖስ የሚገናኝበት ፓርክ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ጎንደር ሲሆን፣ የሰሜን ተራሮችን ዋልያና ጭላዳ ደጋግሜ ጎብኝቻለሁ። አሁን የጋቦኑን ሎአንጎ ብሔራዊ ፓርክ ለማየት አስቤአለሁ። መቼ ልሂድ? ምንስ ላዘጋጅ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ምርጫዎ ግሩም ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሎአንጎ ጥቅጥቅ ያለ የዝናብ ደን እስከ አትላንቲክ ዳርቻ የሚወርድበት፣ የደን ዝሆንና ቀይ ጎሽ ከዛፎቹ ሥር ወጥተው አሸዋው ላይ የሚንሸራሸሩበት፣ የዝሆኑን ኮቴ ማዕበል እየመጣ የሚያጠፋበት ብርቅ ስፍራ ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ እዚያ ዝናቡ ስለሚያቆም፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ቢሄዱ የእግር ጉዞው ይቀልልዎታል፤ ሃምፕባክ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎችም በባሕሩ ላይ የሚታዩት ያኔ ነው።

ጎሪላ ግን እንደ ጭላዳ አጠገቡ ተቀምጠው የሚያዩት እንስሳ አይደለም። የሰው ጉንፋን ሊገድለው ስለሚችል የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግና ርቀት መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ጉንፋን ከያዘዎት፣ የቱንም ያህል ቢያስቆጭ፣ ይቅርብዎ። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድመው ይከተቡና የምስክር ወረቀቱን ይያዙ። አካባቢው ወባማ ስለሆነም ስለ መከላከያው መድኃኒት ሐኪም ያማክሩ። በደኑ ውስጥ ዝሆን የሚታየው እጅግ ከቀረበ በኋላ ነውና ከመሪዎ ፈጽሞ አይለዩ።