ልጆችን ይዞ ሰበታ ዓሣ ማራቢያ ለመሄድ

እህቴ፣ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎችሽን ከአዲስ አበባ ሳትርቂ ዓሣ ሲራባ ልታሳያቸው እንደምትፈልጊ፣ ትራውት የሚባለውንና ወፎችንም ቢያዩ ደስ እንደሚልሽ ጽፈሻል። እኔም የተፈጥሮ ክበብ አስተማሪ ነኝ፤ ልጆች ይዤ ደጋግሜ ስለሄድኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ትራውቱን ለጊዜው ተዪው። ቀዝቃዛና ንጹሕ ወራጅ ውሃ የሚፈልግ ዓሣ ነው። እኛ አገር ከውጭ መጥቶ የተለቀቀው ባሌ ውስጥ፣ እነ ወይብ ወንዝ ላይ ነው። ለአንድ ቀን ጉዞ አይሆንም።

ለአንቺ የሚሆንሽ ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ነው። በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ይራባሉ። የምርምር ቦታ ስለሆነ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ጽፈሽ አስቀድመሽ ቀን አስይዢ።

እኔ የማልረሳው ቆሮሶዋን ነው። ሠራተኛው አንዲት ሴት ቆሮሶ በመረብ አወጣና አፏን ሳህን ላይ በቀስታ ከፈተው። ቢጫ እንቁላል ዝርግፍ አለ! እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። እስከዚያ ድረስ እምብዛም አትበላም። ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ሲሰሙ አንዷ ተማሪዬ የራሷን አፍ በእጇ ይዛ ቆመች። ክፍል ውስጥ አንድ ወር ባስተምር እንደዚያ አይገባቸውም ነበር።

ወፎቹን ለማየት ግን ዝም ማለት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ጊዜ 60 ልጅ ይዤ ሄጄ ኩሬው ጋ ሳንደርስ ሁሉም በረሩብን። አሁን አሥር አሥር አድርጌ እከፍላቸዋለሁ፤ አንዱ ቡድን ዓሣ ሲያይ ሌላው ሣር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አሥር ደቂቃ ከጠበቁ ይመጣሉ። ሳቢሳ ዳር ላይ ተገትሮ ይቆማል። ጋጋኖ ረጅም ምንቃሩን ጭቃ ውስጥ ይሰካል። ዓሣ አጥማጇ ትንሽ ወፍ ደግሞ አለች፤ ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካናማ፣ ምንቃሯ ቀይ። ሸምበቆ ላይ ቁጭ ብላ ትቆይና ድንገት ጭልጥ ብላ ውሃ ውስጥ ትገባለች። ያኔ ልጆቹን "ዓሣ አርቢው ይህችን ወፍ ይወዳታል?" ብለሽ ጠይቂያቸው። የእኔዎቹ መኪና ውስጥ እስክንገባ ተከራከሩ፤ እኔ መልስ አልሰጠሁም።

መቼ ልሂድ ካልሽ የካቲት ወይም መጋቢት መጀመሪያ እላለሁ። ቆሮሶ ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን እንቁላል መጣሉን ስለሚያቆም ብርዱ በርታ ባለበት ኅዳርና ታኅሣሥ ብትሄጂ እንቁላሉን ላታዪ ትችያለሽ። በጣም ከዘገየሽ ደግሞ ከአውሮፓ ለክረምታቸው የመጡት ወፎች ይመለሳሉ። በየካቲት ሁለቱም አሉ። ሣሩ ላይ ጭራዋን እየወዘወዘች የምትሮጠውን ቢጫ ወፍ አሳዪያቸው፤ ከዚያ ሁሉ አገር በክንፏ መጥታ ነው።

ባይናኩላር ለሁሉም አያስፈልግም፤ ሁለት ከተገኘ በየተራ ያያሉ። ደብተርና እርሳስ ግን አይቅር፤ ወፏን ሲስሏት ነው በደንብ የሚያዩዋት። ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ።

ሌላ ቅዳሜ ካገኘሽ በአምቦ መንገድ ገፈርሳ ግድብ ውሰጃቸው። ክንፏ ላይ ሰማያዊ ያለባት ዝይ እዚያ ሣር ስትግጥ ትታያለች። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የማትኖር ወፍ ናት፤ ይህን ከመድረሳችሁ በፊት መኪና ውስጥ ንገሪያቸው።