መልስ፦ የሴቶቹ ሊግ ገንዘብ አልቆበት ይዘጋ ይሆን?

ሰላም እህቴ። ባሕር ዳር ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እየተነሳሽ የምታዪው ደብሊውኤንቢኤ (የአሜሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊግ) እንደ ክለቡ ሂዩስተን ኮሜትስ ይፈርስ ይሆን ብለሽ መስጋትሽ አይገርምም። ኮሜትስ ከ1997 እስከ 2000 (እ.ኤ.አ.) አራቱንም ዋንጫ ወስዶ፣ 2008 ላይ ገዢ ስላልተገኘለት ነው የተበተነው።

አሁን ሊጉ የተሻለ መሠረት አለው። ከ2026 የሚጀምረው የ11 ዓመት የቴሌቪዥን ውል በዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስገባል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአዲስ ክለቦች መግቢያ ክፍያ ነው። ክሊቭላንድ፣ ዲትሮይትና ፊላደልፊያ እያንዳንዳቸው 250 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተተምኖባቸዋል፤ ብዙ ደጋፊ ይህን እንደ መደበኛ ገቢ ይቆጥረዋል። የአንድ ጊዜ ገንዘብ እኮ ነው! ደመወዝና የቻርተር (ለቡድኑ ብቻ የሚከራይ) በረራ ግን በየዓመቱ ይከፈላል፤ የቴሌቪዥኑን ገንዘብ የሚካፈለውም ይበዛል።

ባለቤትነቱንም እዪ። 2022 ላይ ሊጉ 75 ሚሊዮን ዶላር ሲያሰባስብ የሊጉ ባለቤትነት 16 በመቶው ለባለሀብቶች ሄደ፤ የቀረውን ኤንቢኤ (የወንዶቹ ሊግ) እና የደብሊውኤንቢኤ ክለቦች ባለቤቶች እኩል ይዘውታል። ስለዚህ ትርፍ ቢመጣ እንኳ ሁሉም ለክለቦቹ አይደርስም።

«ኪሳራ» የሚል ዜና ስታነቢ የሊጉ ነው ወይስ የአንድ ክለብ ብለሽ ለዪ። ሊጉ ሳይዘጋ ሻርሎት ስቲንግ 2007፣ ሳክራሜንቶ ሞናርክስ 2009 ላይ ፈርሰዋል።