መደምደሚያውን ከማመናችሁ በፊት

ሕክምና፣ የእንስሳት ሕክምና ወይም የሕብረተሰብ ጤና የምትማሩ ልጆቼ፣

ጥናት ስታነቡ ከመደምደሚያው አትጀምሩ። መጀመሪያ «ማን ላይ ተሞከረ? መጠኑስ? የተለካው ምንድን ነው?» በሉ። ዕድሜዬን በትል መድኃኒት ዙሪያ ስላሳለፍኩ ምሳሌዬም ከዚያው ነው፤ አይቨርሜክቲን።

መነሻው ሳቶሺ ኦሙራ የተባለ ተመራማሪ ጃፓን ውስጥ ከአፈር ያገኘው ባክቴሪያ ነው። የመርክ መድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪው ዊልያም ካምቤልና ባልደረቦቹ ባክቴሪያው የሚያመነጨውን ትል ባለባቸው አይጦች ላይ ሞከሩ። መጀመሪያ የከብትና የበግ መድኃኒት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ አምራቹ መርክ ለኦንኮሰርኪያሲስ፣ ጥቁር ዝንብ ለምታስተላልፈው ዓይን አጥፊ በሽታ፣ በነፃ እንደሚሰጠው አስታወቀ። ሁለቱ ሰዎች በ2015 ኖቤል ተሸለሙ።

ታሪኩ ሲወራ ቀላል ይመስላል። ግን ከእንስሳ ወደ ሰው፣ ከሆስፒታል ወደ መንደር ሲኬድ ጥያቄው ራሱ ይቀየራል። ሚዛን በሌለበት ቦታ የእያንዳንዱን ሰው መጠን በምን ትለካላችሁ? መልሱ ምልክት የተደረገበት እንጨት ሆነ። ሰው በቁመቱ ይለካል፣ ኪኒኑም በዚያው ይቆጠራል። እኔ ለዚያች እንጨት ያለኝ አክብሮት ለሞለኪዩሉ ካለኝ አያንስም።

ከዚያ ሎአ ሎአ የሚባል ሌላ ትል መጣ። በመካከለኛው አፍሪካ ደማቸው ውስጥ የዚህ ትል እጭ እጅግ የበዛባቸው ሰዎች ያንኑ ኪኒን ሲወስዱ አንዳንዶቹን አንጎላቸውን ጎዳቸው። መድኃኒቱ ያው፣ መጠኑም ያው። ሰውነቱ ግን ሌላ ነበር።

በ2020 ደግሞ አንድ የአውስትራሊያ ቡድን መድኃኒቱ በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ላይ የኮቪድን ቫይረስ እንደቀነሰ አሳየ። ጉድ ተባለ! የተጠቀሙት መጠን ግን የተለመደው ኪኒን ደም ውስጥ ከሚያደርሰው እጅግ ይበልጥ ነበር። ያን ማን አነበበ? ለፈረስ የተሠራውን ሳይቀር የዋጡ ነበሩ። በ2022 በብራዚል 1,358 የኮቪድ ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት ሲወጣ መድኃኒቱ ሆስፒታል መግባትን አልቀነሰም።

ታዲያ አንዳንድ ትንንሽ ጥናቶች ለምን «ጠቀመ» አሉ? አንዳንዶቹ ጥራታቸው አጠራጣሪ ነበር። ሌላው ማብራሪያ ግን ይበልጥ ይስበኛል፣ ምናልባት የትል ሰው ስለሆንኩ። ስትሮንጊሎይድስ የተባለ ትል ያለበት ሰው ለኮቪድ ስቴሮይድ (የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) ሲሰጠው ትሉ ሰውነቱን ሊወርርና ሊገድለው ይችላል። ይህ ትል በተስፋፋባቸው አገሮች መድኃኒቱ ያዳነው ከትሉ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱን ግን አልነካውም።

ወደ በጎቹ ልመለስ። ሁሉንም በየጊዜው መድኃኒት ብታጠጧቸው መጀመሪያ ውጤቱ ያስደስታል። ከመድኃኒቱ የሚተርፉት ትሎች ግን የሚቋቋሙት ናቸው፣ የሚራቡትም እነሱ። ስለዚህ ዛሬ መድኃኒቱ የሚገድላቸው ትሎችም ጨርሰው እንዳይጠፉ ሆን ተብሎ የተወሰኑ በጎች ሳይታከሙ ይተዋሉ። ደም መጣጩ የጨጓራ ትል ባለበት አካባቢ የዓይን ቆባቸው ውስጡ ታይቶ የነጣባቸው ብቻ ይታከማሉ። የጥቂት ወራት ጥናት ይህን ሁሉ አያሳያችሁም።

ወደ ፖሊሲ የምትሄዱት፣ ዕቅድ ስታወጡ ከዘመቻው በኋላ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚከታተል ሰው በጀት ያዙለት። ፋንድያ ውስጥ የትል እንቁላል የሚቆጥር ባለሙያም ደሞዝ ይፈልጋል።